ውሃ የማትጨርሰው መኪና

ጥቅምት 6

ከአምበር ድንች ጭኜ ማርቆስ ገባሁ። ገበያው ደህና ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ደርቋል፤ ብርዱ ግን ጠዋት ላይ መሪ አያስይዝም።

ስመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የመኪናዋ የሙቀት መርፌ ተነሣች። ሁሌ መሐል ላይ ጋደም ብላ የምትውለው መርፌ ቀዩን ልትነካ ደረሰች። ዳር ያዝኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። እስኪበርድላት ድንቹ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ፈታሁ... ሙሉ! እስከ አፉ ውሃ። ታዲያ ምን ሆና ነው የምትግለው?

አሮጊቷ መኪናዬ ውሃ አትጨርስም። አበባው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየሳምንቱ ይሞላላት ነበር። እሱ ሞቶ በእኔ እጅ ከገባች ወዲህ ግን በከፈትኳት ቁጥር ሙሉ ናት። "አንተ ነበርክ እንዴ የምትጠጣባት?" እለዋለሁ ፎቶውን እያየሁ። ምን ላድርግ... ከባሌ ጋር የቀረን ጨዋታ ይሄ ብቻ ነው።

አባባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው። "በሰላም ገባሽ?" ብለው ኮፈኑን በመዳፋቸው ነኩት። "ትኩሳት አላት" አሉ። ሳቅሁ። "እርስዎም እግርዎ አብጧል" አልኳቸው። የምር አብጧል። ጫማው አልገባ ብሎ በነጠላ ጫማ ነው የቆሙት።

ጥቅምት 9

አባባን ሐኪም ቤት ወሰድኩ። ሲመረመሩ ዋሉ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለ ሐኪም ነው። ልባቸው ደክሟል አለኝ። ደም የመግፋት አቅሙ ቀንሷል፤ ውሃው ወደ እግር የሚወርደው ለዚያ ነው። ጨው ክልክል። ዳገት ክልክል። መድኃኒት ጻፈ። "ይድናሉ?" ስለው ወረቀቱን አስተካከለ።

መንገድ ላይ "ምሥራቅ" አሉኝ።

"አቤት አባባ።"

"ሳልወድቅ ዲማ ጊዮርጊስ አድርሺኝ።"

ሊሳለሙ መስሎኝ ነበር። አይደለም። "ፊደል የቆጠርኩት እዚያ፣ እህል ውሃ የለመንኩት እዚያ፣ ዜማ ያስተማርኩት እዚያ። መምህሬ እዚያ ተኝተዋል። ከእግራቸው ሥር መተኛት እፈልጋለሁ።" ለገበያ የሚሄዱ ያህል ነው የተናገሩት።

"ወር ሳይሞላ አደርስዎታለሁ" አልኩ። "መኪናዋን ላሠራትና።"

ቃል ወጣ እንግዲህ።

ጥቅምት 11

አብዱረዛቅ ጋራዥ። የአበባው ጓደኛ ስለነበር እንደ እህት ነው የሚያየኝ፤ እንደ እህት ነው የሚቆጣኝም። የማያውቀው ነገር የለም... እሱ እንደሚለው።

መጀመሪያ የጠየቀኝ "ውሃ ትጨርሳለች?" ብሎ ነው።

"ፈጽሞ። ጠብ አትልም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ራሴ ነኝ የምከፍታት እኮ!"

"እንግዲያው ችግሩ ውሃው ሳይጎድል አልዞር ማለቱ ነው።" ቴርሞስታቱን ፈታው። ውሃው እስኪሞቅ መንገድ ዘግቶ የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ትንሽ በር ነው አለኝ። ዝጎ ተጣብቋል። አውጥቶ ጣለው። "እኛ አገር ይሄ ምን ይሠራል? አሁን ውሃው እንደፈለገ ይሂድ!"

ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ጥቅምት 14

አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠበላቸውን ይዘው መጡ፤ ያቺን ቢጫ ትንሽ ጀሪካን። ሰው እንዲያግዛቸው አይፈልጉም። በየእርምጃው እያረፉ። ዳገት ክልክል ነው አልኳቸው። "ይሄ ዳገት አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው" አሉ። እንደ ሁልጊዜው ለእኔ በኩባያ ሰጡኝ፣ ቤቱን ረጩ፣ ወጥተው መኪናዋንም ረጩ። ግቢ ውስጥ ቆይተው ነው የገቡት።

ጥቅምት 16

ሜዳው ላይ ደህና። ዳገቱ ላይ ቀይ። ባዶ ሆና እንኳ! ያ በር ወጥቶ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

ጥቅምት 19

አብዱረዛቅ ሐሳቡን ለወጠ። ፖምፓው ነው አለ፤ ውሃውን የሚገፋው። ፈቶ አሳየኝ። ምላሱ ተበልቷል፣ ልሙጥ ሆኗል። "ይሄ ውሃ አይገፋም። ያማስላል እንጂ።" ሐኪሙ ትዝ አለኝ። የመግፋት አቅሙ ቀንሷል... ሁለቱም በአንድ ወር? ሰው ቢሰማኝ እብድ ይለኛል።

ከሌላ መኪና የወጣ ፖምፓ ተገጠመላት። አባባን ጋቢና አስገብቼ ለሙከራ ወጣን። ደስ አላቸው። መስታወቱን አውርደው ያንጎራጉሩ ጀመር። ድምፃቸው ተሰብሯል፣ ግን መንገዱን አይስትም። እስከ ከተማው ዳር ሄድን። መርፌዋ መሐል ላይ። "ነገ ዲማ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "እግዚአብሔር ቢፈቅድ በዪ" አሉኝ።

አላልኩም። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቀዩን ነካች።

ጥቅምት 24

አሮጊቷን ትቼ ሌላ መኪና ፈለግሁ። ሚኒባሶቹ እንዲህ የታመመ ሰው አንጭንም አሉ። ደመላሽን ለመንኩት። ደህና መኪና አለው፣ ያውቀናል። ጭንቅላቱን አከከ።

"እናቴ ትሙት ምሥራቅ፣ ገንዘብ አይደለም። መንገድ ላይ ቢያርፉስ? ፍተሻ ላይ ሬሳ ይዤ ብገኝ ምን እላለሁ? በዚህ ጊዜ?"

ልሰድበው ፈለግሁ። አልቻልኩም። እውነቱን ነው። በዚህ ጊዜ ማን ምን ብሎ ያስረዳል?

"በራስሽ መኪና ሲሆን እኮ ልጅ ነሽ" አለኝ። አዎ። በራሴ መኪና!

ጥቅምት 28

አባባ ዛሬ አልተነሡም። ያለ ቅዳሴ የዋሉበትን እሁድ አላስታውስም። ቢጫዋ ጀሪካን ከአልጋቸው ሥር ተቀምጣለች። ካለፈው የተረፈ ትንሽ አላት። "እንዳትነኪብኝ" አሉኝ። "ለመንገድ ናት።"

ኅዳር 3

ጉድ! ትናንት ክዳኑን ብከፍት ውሃ የለም። ጣቴን አስገባሁ፣ አልደርስበት አለ። ሞላኋት። ዛሬ ደግሞ ጎደለች። ስንት ዘመን ጠብ ያላለች አሮጊት ምን ነካት? አንዱን ሳሠራ ሌላው ይፈታል። ማን ነው የረገመኝ?

አብዱረዛቅ ሥሯ ተኝቶ ማፍሰሻ ፈለገ። ጎማ ቧንቧዎቹን ሁሉ ለወጠ። አንድ ጠብታ መሬት ላይ አልተገኘም። ውሃው ግን ይሄዳል። የት?

ጎረቤቴ የብርጓል "የያዝሽው መኪና መጠገን ነው ወይስ ምሥጢር መፍታት?" አለችኝ። ስቄ ነበር። ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 6

ዛሬ ታወቀ። ምነው ባልታወቀ።

አብዱረዛቅ ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሣው። ውሃው ውስጥ አረፋ ይወጣል፤ እንደ ድስት። ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩን አጠፋው።

"ጓርኒሲዮኑ ነው" አለኝ። በሞተሩና በቴስታታው፣ ማለት በሞተሩ ራስ፣ መሐል ያለው ንጣፍ። ተበልቷል። ውሃው በዚያ ገብቶ ይቃጠላል፣ በጭስ ይወጣል። መሬት ላይ የማይገኘው ለዚያ ነው። "ይሄ የዛሬ አይደለም። ከዓመት በላይ ሆኖታል።"

"ውሃ አትጨርስም ነበር እኮ!"

"ትጨርስ ነበር ምሥራቅ። የሚሞላላት ሰው ነበር።"

ከዚያ ራዲያተሩን አወረደው። ቀጫጭን ቧንቧዎቹን አሳየኝ። አብዛኞቹ ድፍን። ነጭ፣ ቀይ የቀላቀለ ጋግርት። እንደ ጀበና ቂጥ የጠነከረ። በጥፍሩ ፋቀው። "ምን ውሃ ነው የምትጨምሩባት? የቧንቧ ውሃ እንዲህ አያደርግም። ይሄ ከመሬት ሆድ የወጣ ውሃ ነው። ራዲያተሩን ደፈነው፣ ሲደፈን ጋለች፣ ስትግል ንጣፉ ተበላ።"

ከፋቀው ላይ በጣቴ አነሣሁና ቀመስኩት። ለምን እንደቀመስኩት አላውቅም። ጨው ጨው አለኝ። ይሄን ጣዕም አውቀዋለሁ። እሁድ እሁድ በኩባያ እጠጣዋለሁ።

ለአብዱረዛቅ ምንም አላልኩትም።

ኅዳር 7

ጠየቅኋቸው። ቀስ ብዬ፣ እንደ ወግ አድርጌ።

"አባባ፣ መኪናዋ ውስጥ ጠበል ይጨምሩ ነበር እንዴ?"

ፊታቸው በራ። ሰሞኑን እንዲህ በርቶ አላየሁትም። "ደረስሽብኝ?"

"መቼ ጀመሩ?"

"አበባው የሞተ ጊዜ ነዋ። በሰው መኪና ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር። አንቺ መሪ ስትይዢ ፈራሁ። አትንጂ ብልሽ አትሰሚኝም። ከውጭ እረጫት ነበር። ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። አንድ ቀን ክዳኗን ስትከፍቺ አየሁና፣ ሆዷ ውስጥ ባገባው አብሮሽ ይዞራል አልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ እሁድ አላጎደልኩም። አየሽ፣ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ክፉ አላገኘሽም።"

ምን ልበላቸው? ዲማ እንዳይሄዱ ያደረጉት ራስዎ ነዎት ልበላቸው?

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ" አልኩ። እጃቸውን ሳምኩ። ጓሮ ወጥቼ ማጠቢያውን ሳፋ በእርግጫ መታሁት። የብርጓል በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። 

ተናድጃለሁ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። በሳቸው? በጠበሉ? ለሰው የተሰጠ ውሃ ለብረት ምን አለው... ጠበሉ ምን አጠፋ? ሽማግሌ አባት ልጁን ከሞት ሊጠብቅ ነው የሞከረው። ሌላ ማን ጠብቆኝ ያውቃል?

ኅዳር 10

አብዱረዛቅ ራዲያተሩን በአሲድ አጥቦ፣ በሽቦ ጠርጎ መለሰው። ግማሹ ተከፈተ። የሞተሩ ራስ ግን ከሙቀቱ ጠሟል፣ መላግ አለበት። የሚልገው ማሽን አዲስ አበባ ነው። መንገዱ ዝግ ነው። መቼ ይከፈታል? "እሱን እኔ ብነግርሽ ነቢይ ነኝ።"

ከፈታናት መንገድ እስኪከፈት ተበትና ትቀመጣለች። ካልፈታናት አትድንም። ምረጪ አለኝ። እኔ ምኑን እመርጣለሁ?

ኅዳር 13

ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። "ተሠራች?"

"ተቃርቧል።"

"ጎሽ።"

ኅዳር 16

ጾም ገባ። መድኃኒቱን በምግብ ይውሰዱ ተብሏል፤ አይሆንም ብለዋል። አጥሚት ነው የሚጎነጩት፤ እሱም ከማንኪያው ይመለሳል። እብጠቱ ጉልበታቸው ደርሷል። ሌሊቱን ተቀምጠው ነው የሚያድሩት፤ ሲጋደሙ ይታፈናሉ። ይበርዳቸዋል። ብርድ ልብስ ደራርቤ፣ ፍም አቅርቤ፣ በእጄ አሽቼ... አይሞቃቸውም። አንዷ ግላ አትበርድ፣ አንዱ በርደው አይሞቁ።

ሐኪሙ ወደ ቤት መጥቶ አየልኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። "የሚፈልጉት ነገር ካለ አድርጊላቸው" አለኝ።

የሚፈልጉት ነገር አለ። አንድ ነው።

ኅዳር 18

ሄድን።

አብዱረዛቅ ከሐሳቤ እንደማልመለስ ሲያውቅ ክርክሩን ትቶ መከረኝ። ማለዳ በብርዱ ውጪ። አትሩጪ። በየቦታው አቁመሽ አቀዝቅዢ። ትኩስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈስሺ፣ የሞተሩ ራስ ይሰነጠቃል። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቺው፤ ከሞተሩ ሙቀት ይስብልሻል።

ጀሪካኖች ከኋላ ጫንኩ። አባባን ተሸክመን መሐል አስቀመጥናቸው። የብርጓል በዚያ በኩል ደግፋ ያዘቻቸው። መቋሚያቸው በጉልበታቸው መሐል። ቢጫዋ ጀሪካን እቅፋቸው ውስጥ።

ማሞቂያውን ከፈትኩ። የአሮጊቷ ትኩሳት ሁሉ ፊታችን ላይ ነፈሰ። እኔ አላበኝ። የብርጓል ነጠላዋን አወለቀች። አባባ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። "እንዴት ያለ ደግ ሙቀት ነው!" አሉ። እጃቸውን ነካሁት። ሞቋል። ስንት ፍም ያላሞቀው እጅ! መንገድ ላይ እየነዳሁ አለቀስኩ፣ በላብ ተሳበበ።

ሁለት ሦስት ጊዜ አቆምን። አቀዝቅዤ ሞላሁ፣ ሄድኩ። እያንዳንዱ ከፊተኛው አጠረ። አምበር ሳንደርስ የጫንኩት ውሃ አለቀ። መንገድ ዳር ባሕር ዛፎች ሥር ቆምን። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ይወጣል። ምንጭ የት አለ ብዬ የጠየቅኋቸው ሴት ቁልቁል አሳዩኝ፤ ሩቅ ነው።

"ምሥራቅ" አሉ አባባ። ጀሪካኗን ገፋ አደረጓት። "እቺን ጨምሪባት።"

ቆምኩ። አፌ ውስጥ ያ ጨው መጣ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ለመንገድ ናት ብዬሽ የለም?"

"ለእርስዎ ናት እኮ አባባ። ለ..." 

"እኔና እሷ አንድ መንገድ ላይ ነን። ጨምሪ!"

እስክትበርድ ጠበቅሁ። ክዳኑን ፈታሁ። የገደላትን ውሃ በእጄ ጨመርኩባት። በመስታወቱ ያዩኛል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጨርሼ ክዳኑን ሳስር እኔም አማተብኩ። ጊዮርጊስ ፈረሰኛ ነው ይላሉ። ዛሬ ፈረስ ካላዋሰኝ መቼ ሊያውሰኝ ነው አልኩ።

ተነሣች! "አየሽ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልሄድንም። ከፊታችን ጉብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ መሐሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። አባባ አንገታቸውን አቀኑ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጥላ ጥላውን ነው የሚያዩት።

"ያ ዲማ ነው?"

የብርጓል አየችኝ። መርፌዋ ከቀዩ አልፋ ተኝታለች።

"አዎ አባባ። ዲማ ነው። ደረስን።"

ያኔ ደወሉ ተደወለ። ጆሯቸውን ሰጡ። ቆዩ። ከዚያ በቀስታ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

"የዲማ ደወል እንዲህ አይልም" አሉ። "ግን ደግ ውሸት ነው።"

ሞተሩ አንዴ ጓ አለ። ቆመች። ቁልፉን ባዞር ምንም። ሞታለች።

አጣና የጫነ መኪና ወደ ማርቆስ ሲመለስ አገኘን። ሹፌሩ ሲያያቸው ምንም አልጠየቀም። ረዳቱን ከኋላ አውጥቶ ጋቢናውን ለቀቀልን። አሮጊቷን መንገድ ላይ ጥያት መጣሁ።

ኅዳር 19

ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። አመሻሽ ላይ ጠሩኝ።

"ነይ ተቀመጪ። ማርቆስም ታቦት ነው። እዚሁ ቅበሪኝ።"

"መንገድ ሲከፈት አባባ... ሌላ መኪና..."

"በቃሽ ልጄ። ደክሞሻል።"

ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉትን ቦታ ለእኔ ድካም ሲሉ ተዉት። ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የምሸከመው?

ኅዳር 22

አባባ ዐረፉ። ነገ ጊዮርጊስ ነው።

ኅዳር 26

ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። "ዕድሜ ጠግበው ነው" ይሉኛል። "አንቺን የመሰለ ልጅ ትተው ነው።" ዝም።

አብዱረዛቅ ከሚስቱ ከከሪማ ጋር መጣ። ከሪማ ከሴቶቹ ጋር ማጀት ገባች። እሱ አጠገቤ ተቀመጠ። ለማንም ያልነገርኩትን ለእሱ ነገርኩት፤ ውሃው ከየት እንደመጣ። 

"ያኔ ገብቶኝ ነበር" አለኝ። "ራዲያተሩን የከፈትኩ ቀን። ስትቀምሺው ፊትሽን አየሁ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ብዬ? ኒያቸው፣ ማለት ሐሳባቸው፣ ጥሩ ነው። ከአላህ ዘንድ የሚጻፈው ኒያው ነው።"

በላይ የሚጻፈውን አላውቅም። እዚህ ግን መቃብራቸው ዲማ አይደለም።

ታኅሣሥ 5

አብዱረዛቅ አሮጊቷን ስቦ ጋራዥ አስገብቷታል። ሄጄ አላየኋትም። ለቁርጥራጭ ሽጣት አልኩት። "እሺ" አለ። አልሸጣትም።

ታኅሣሥ 9

ምንም የለም።

ታኅሣሥ 17

መንገድ ተከፈተ አሉ። የሞተሩ ራስ አዲስ አበባ ሄደ ሊላግ። ራዲያተርም ተገዝቶ ይመጣል። አሁን! አሁን ምን ያደርግልኛል? የሚከፈት መንገድ ያኔ ቢከፈት ምን ነበረበት? ከማን ጋር ነው የምጣላው? ጠዋት ስነሣ "ተሠራች?" የሚል ሰው የለም። ቢኖር አዎ እለው ነበር።

ገናን ከሰው ጋር አልውልም።

ታኅሣሥ 29

የብርጓል በሩን ከፍታ ገባች። እጄን ይዛ ወሰደችኝ። በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ጥር 1

አርባቸው። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ነዳያን በሉ። ሁሉም በወጉ ሆነ። ሰዉ ሲበተን መቋሚያቸው በሩ ጥግ እንደተደገፈ ነው። ማንም አላነሣውም። ምን ላድርገው?

ጥር 4

አሮጊቷን ተረከብኩ። አብዱረዛቅ ቁልፉን ሲሰጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፎከረም። የተላገ ራስ፣ ሌላ ራዲያተር፣ በሩም ተገዝቶ ገብቷል፤ ያ የጣለው ቴርሞስታት። "ያን ማውጣቴ ጥፋት ነበር" አለኝ። "በዚህ ሞተር በሩ ከሌለ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳል።" ተናዘዘልኝ እንግዲህ።  እሱም የሚያውቀውን ነው ያደረገው። ሁላችንም የምናውቀውን አድርገን ነው እዚህ የደረስነው።

መቋሚያውን ጋቢና አስገባሁ። አባባ በነበሩበት መሐል ላይ አቆምኩት።

ጥር 5

ዲማ ደረስኩ። ዳገቱን ሁሉ ወጣች። መርፌዋ መሐል ላይ ጋደም ብላ ንቅንቅ አላለችም። ምነው በፈላች አልኩ። አንዴ እንኳ ብትቆምልኝ!

ባሕር ዛፎቹ ሥር ስደርስ ራሴ አቆምኳት። ኮፈኑን ከፈትኩ። የሚበርድ ነገር የለም። ቢሆንም ቆምኩ፤ ያኔ የቆምነውን ያህል። የዚያ ጉብታ ደወል ተደወለ።

ማሞቂያውን ከፍቼ ነው ቀሪውን የሄድኩት። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የዲማን ደወል ሰማሁት። እውነታቸውን ነው፣ አንድ አይደለም። የእሱ ይከብዳል፣ ይቆያል። መቋሚያውን አሁን እዚያ ላሉት የዜማ መምህር ሰጠሁ። አባባን ያውቋቸዋል፤ ከሳቸው ሥር ነው የተማሩት። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። የአባባ መምህር የተኙበትን አሳዩኝ። ከእግራቸው ሥር ያለውን ቦታ አየሁት። ሣር በቅሎበታል። ለአንድ ሰው ይበቃል። እዚያ ሣር ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። አልወጣልኝም።

ጥር 7

ዛሬ አምበር ገበያ ነው። ድንች ልጭን ተነሣሁ። ከመውጣቴ በፊት በልማዴ ክዳኑን ፈታሁ።

ጎድላለች። ትንሽ፣ ጣት ያህል። አብዱረዛቅ ነግሮኝ ነበር፤ እንደ አዲስ የተሞላች ስለሆነ አየር ሲወጣላት ይጎድላል፣ አትደንግጪ ብሎኛል። አልደነገጥኩም። ግን ክዳኑን ይዤ ቆምኩ። ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። ማን አለ ብዬ?

ከቧንቧው ቀዳሁ። እስከ አፏ ራሴ ሞላኋት።